መብራት ሲመጣ የሚጨናነቀው ዋይፋይ፦ የአንድ የደሴ ሕንፃ የጉዳይ ጥናት

## መነሻ

ደሴ ውስጥ ኔትወርክ የሚጠግን ሰው ደጋግሞ የሚሰማት አቤቱታ አለች፤ «ኢንተርኔቱ አለ፣ ግን አይሠራም።» አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይገኛል፤ ኬብል ላልቷል፣ ራውተሩ ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ግሏል፣ ወይም የወሩ ሒሳብ አልተከፈለም። ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ያጋጠመኝ ጉዳይ ግን አምስት ሳምንት ወሰደብኝ። ለዓመታት ስሠራ ልብ ያላልኩትን ነገርም አሳየኝ። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር የሕንፃው ራውተሮች ሁሉ እኩል ይነቃሉ፣ እኩል ያዳምጣሉ፣ ከዚያም አብዛኞቹ አንድ ቻናል (ዋይፋይ የሚያወራበት የሞገድ መንገድ) ላይ ይከማቻሉ።

ጉዳዩን ለመጻፍ የወሰንኩት እንዲህ ያለ ሕንፃ ደሴም ኮምቦልቻም እየበዛ ስለሆነ ነው። የሰዎቹንና የድርጅቶቹን ስም ትቻለሁ።

## ሕንፃውና ተከራዮቹ

ምድር ቤቱ ላይ ካፌ፣ መድኃኒት ቤትና የሕንፃው ባለቤት የሐጂ ትንሽ ቢሮ አሉ። አንደኛ ፎቅ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ፣ ሁለተኛ ፎቅ የጥርስ ክሊኒክ፣ ሦስተኛ ፎቅ የሒሳብ ሥራ ቢሮ፣ አራተኛ ፎቅ ፔንሲዮን ነው። ሁሉም የየራሳቸው መስመርና ራውተር አላቸው። ስቆጥራቸው ማሠልጠኛው ሦስት፣ ፔንሲዮኑ ሦስት፣ የቀሩት አንዳንድ፣ በድምሩ አሥራ አንድ ሆኑ።

ዓይነታቸው የተደበላለቀ ነበር፤ ለዚህም ምክንያት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማው ድረስ ሲደርስ ብዙ ነጋዴ ዕቃውን አጥቷል። እንደገና ሲከፍቱ ያገኙትን ነው የገዙት፤ አንዱ ከአዲስ አበባ ያስመጣው፣ አንዱ ዘመዱ የሰጠው፣ አንዱ ከመስመሩ ጋር የመጣለት። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል። ቻናላቸው «አውቶማቲክ» ላይ እንደነበረ ነው፤ ማንም አልነካውም።

መብራት ሲሄድ የሐጂ ጀነሬተር ይነሳል። ይህንን ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

## አቤቱታው

መጀመሪያ የጠራችኝ የክሊኒኩ ሐኪም ናት። የጥርስ ራጁ በዲጂታል ይነሳና ከራጅ ክፍሉ ኮምፒውተር ወደ ሕክምና ክፍሉ ኮምፒውተር በዋይፋይ ይተላለፋል። ጠዋት ጠዋት በሰከንዶች ይደርሳል። ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ግን፣ ቀንም ቢሆን መብራት ሄዶ ከተመለሰ፣ እስከ ሁለት ደቂቃ ይቆያል። «ታካሚው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፤ እኔ ስክሪኑ ላይ የምትዞረውን ክብ እያየሁ እቆማለሁ» አለችኝ። ሥዕሉ ከሕንፃው አይወጣም፤ ከክፍል ወደ ክፍል ብቻ ነው የሚሄደው። ይህ ብቻውን ችግሩ ከውጭው መስመር እንዳልሆነ ሊነግረኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን አላስተዋልኩትም።

## የተሳሳቱት እርምጃዎች

መጀመሪያ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ጥቅል እንድትገዛ መከርኳት። ገዛች፤ ምንም አልተለወጠም። ላፕቶፔን በኬብል ራውተሩ ላይ ስሰካ መስመሩ እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ኬብሉን ነቅዬ በዋይፋይ ስሞክር እዚያው ይቆማል። ይህ የሁለት ደቂቃ ሙከራ ከምክሬ በፊት መቅደም ነበረበት። የሰው ገንዘብ አስወጥቻለሁ፤ ስለዚህ የኋላውን ሥራ ያለ ክፍያ ሠራሁላት።

ቀጥሎ የጠረጠርኩት ካፌውን ነው። ማይክሮዌቭ አለ፤ ቀኑን ሙሉ የሚዘፍን የብሉቱዝ ስፒከርም አለ። ሁለቱም የሚሠሩት እንደ ሕንፃው ዋይፋይ በ2.4 ጊጋኸርዝ የሞገድ ሰፈር አካባቢ ነው። ማይክሮዌቩ በተከፈተ ጊዜ ይረብሽ ነበር፤ ግን የሚከፈተው ለደቂቃና ለሁለት ደቂቃ ነው። ስፒከሩ ደግሞ ከጥርጣሬው ነጻ ወጣ። ብሉቱዝ ሰፈሩን በ79 ጠባብ ቻናሎች ከፋፍሎ በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘልላል፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ከወጣው 1.2 ስሪት ጀምሮ ስልኩና ስፒከሩ «እነዚህ ቻናሎች ተይዘዋልና እንለፋቸው» ብለው ይስማማሉ። እውነተኛ ድርድር ማለት ይህ ነው። የሕንፃው ራውተሮች በመካከላቸው የጎደላቸውም ይኸው ነበር።

ሦስተኛው ስህተቴ ክሊኒኩን ብቻውን ማዳን ይቻላል ብዬ ማሰቤ ነው። ከቻናል 6 አንስቼ 11 ላይ አሰርኩት። ሦስት ቀን ሰላም ሆነ። በአራተኛው ቀን የካፌውና አንዱ የፔንሲዮን ራውተር 1 ሲጨናነቅባቸው 11ን የተሻለ ነው ብለው ተከትለው መጡ።

## ራውተሮች እርስ በርስ የማይነጋገሩት ነገር

ከዚህ በኋላ ያለው እንዲገባ ትንሽ ማብራራት አለብኝ። የ2.4 ጊጋኸርዝ ቻናሎች በ5 ሜጋኸርዝ ርቀት የተደረደሩ ናቸው፤ የቻናል 1 መሐል 2412፣ የ6 መሐል 2437፣ የ11 መሐል 2462 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ የዋይፋይ ኔትወርክ ግን 20 ሜጋኸርዝ ያህል ስፋት ይይዛል። ስለዚህ ቁጥሮቹ ብዙ ቢሆኑም ሳይነካኩ ጎን ለጎን የሚቆሙት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11።

ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ቻናል ላይ ቢገናኙ ይጠባበቃሉ። እያንዳንዱ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ ሌላው እያወራ ከሆነ ይቆማል። ተራ አስከባሪ በሌለበት መናኸሪያ ሾፌሮቹ እርስ በርስ እየተያዩ እንደሚወጡት ማለት ነው፤ ይዘገያል እንጂ ብዙም አይጋጭም። ጎረቤትህ 3 ወይም 4 ላይ ተቀምጦ አንተ 6 ላይ ስትሆን ግን ንግግሩ አይገባህም፤ ጫጫታ ብቻ ነው የሚሆንብህ። ቁጥሩ ልዩነቱን ያሳያል። መሣሪያው ቋንቋውን የሚያውቀውን ሲግናል ከኔጌቲቭ 82 ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ) ጀምሮ ያከብራል፤ የማያውቀውን ጫጫታ ግን ኔጌቲቭ 62 እስኪደርስ ችላ ብሎ ያወራበታል። በጉልበት ሲሰላ የመቶ እጥፍ ልዩነት ነው። በመሐሉ ያለው ሁሉ ግጭት ነው።

ቻናል መቀየርን በተመለከተ ንግግር የለም አይባልም። እ.ኤ.አ. በ2003 በጸደቀው 802.11ኤች በተባለው ደንብ መሠረት ራውተር ቻናል ሊለቅ ሲል ለስልኮቹና ለላፕቶፖቹ አስቀድሞ ይነግራል፤ «ከዚህን ያህል ማስታወቂያ በኋላ ወደ እገሌ ቻናል እንሄዳለን» ይላል። ማስታወቂያው፣ ማለትም ራውተሩ «አለሁ» የሚልበት መልእክት፣ ብዙውን ጊዜ በየ102.4 ሚሊሰከንዱ ስለሚወጣ አሥር ተቆጥሮ በአንድ ሰከንድ ገደማ ሁሉም አብረው ይዛወራሉ። ግን ይህ በአንድ ቤት ውስጥ ያለ ወሬ ነው። የካፌው ራውተር ለመድኃኒት ቤቱ ራውተር «እኔ 1ን ልያዝ፣ አንተ 6ን ያዝ» የሚልበት መንገድ በእነዚህ ተራ ራውተሮች ላይ የለም። እያንዳንዱ ብቻውን አዳምጦ ብቻውን ይወስናል። ይባስ ብሎ ከአሥራ አንዱ ሁለቱ ቻናል ሲቀይሩ ለራሳቸው ሰዎች እንኳ ሳይናገሩ ሬዲዮውን አጥፍተው ነበር የሚያበሩት።

## አንድ ምሽት ላይ የታየው

አሮጌ ላፕቶፕ ላይ በየአሥር ሰከንዱ በአካባቢው ያሉትን ኔትወርኮች ከነቻናላቸው የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም ጫንኩና ሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር ላይ፣ ከክሊኒኩ በር አጠገብ ካለች ቁምሳጥን ላይ አስቀመጥኩት። ባትሪው ሁለት ሰዓት ይይዛል። ለጥበቃው አደራ አልኩት፤ እሱም የሰው እጅ እንዳይነካው ጋቢውን ጣል አደረገበት።

በሦስተኛው ቀን ምሽት መብራት ሄደ። መዝገቡን በማግስቱ ሳየው ለረጅም ጊዜ አንድ ገጽ ላይ ቆየሁ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ12 ላይ ጀነሬተሩ ተነሳ። ለሃምሳ ሰከንድ ያህል ከክሊኒኩ በቀር ምንም ኔትወርክ የለም፤ ክሊኒኩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ስላለው አልጠፋም፣ ያን ጊዜ 6 ላይ መልሼው ነበር። ከዚያ በሁለት መዝገብ ውስጥ፣ ማለትም በሃያ ሰከንድ፣ አሥሩም ብቅ አሉ። ዘጠኙ ቻናል 1 ላይ ናቸው።

ምክንያቱ ሲታሰብ ግልጽ ነው። አውቶማቲክ ራውተር መጀመሪያ ቻናል የሚመርጠው ሲነሳ ነው። ሁሉም እኩል መብራት ስላገኙ እኩል ተነሱ፤ ባዳመጡባት ቅጽበት 6 ላይ ካለው ከክሊኒኩ በቀር ማንም ገና መናገር አልጀመረም። ሁሉም ከ6 ውጭ ባዶ አየር ሰሙ፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ ዘጠኙም ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ያዙ። አድማጭ እንጂ ተናጋሪ በሌለበት ቤት ሁሉም «ማንም የለም» ብሎ ገባ።

አሥረኛው የሒሳብ ቢሮው ነው። እሱ ስፋቱ 40 ሜጋኸርዝ ላይ ስለተደረገ ከ9 ጀምሮ ወደ ታች ተዘርግቶ ከ2422 እስከ 2462 ያለውን ይዟል። ማለትም ቻናል 6ን ሙሉ በሙሉ፣ 11ን በግማሽ ሸፍኗል። ክሊኒኩ ከሥሩ ነበር።

ከሃያ ደቂቃ በኋላ መስመሩ ላይ መብራት ተመለሰ፤ ጀነሬተሩ ሲጠፋ ያለችው አጭር ክፍተት ሁሉንም እንደገና አጠፋቻቸው። ያው ትዕይንት ሁለተኛ ጊዜ ተደገመ። አንድ የመብራት መቋረጥ ለእኛ ሕንፃ ሁለት ነው ማለት ነው። ቀጥሎ በየጊዜው ዳግም የሚያዳምጡት ሁለቱ ራውተሮች 1 ሲበዛባቸው ወደ 6 ሸሹ፣ 6 ሲበዛባቸው ወደ 1 ተመለሱ፤ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት አሥራ አራት ጊዜ። እነዚህ ሁለቱ ያለማስታወቂያ የሚዘልሉት እነዚያው ናቸው። የካፌው ደንበኞች «ዋይፋዩ ይቆራረጣል» የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሌላም ነገር መዝገቡ ላይ ነበር። የማሠልጠኛው ሦስት ራውተሮች እያንዳንዳቸው ሦስት የኔትወርክ ስም ያስተላልፋሉ፤ ለአስተማሪ፣ ለተማሪ፣ ለእንግዳ። ቻናል 1 ላይ በድምሩ አሥራ አምስት ስሞች ተከማችተው ነበር። እያንዳንዱ ስም በሰከንድ አሥር ጊዜ ገደማ «አለሁ» ይላል፤ ይህንንም የሚለው በጣም ዝግተኛ በሆነው፣ በሰከንድ 1 ሜጋቢት በሚሄደው አሮጌ ፍጥነት ነው። 250 ባይት የሚሆን ማስታወቂያ በዚህ ፍጥነት ከ2 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጃል። በአሥር አባዙት፣ ከዚያ በአሥራ አምስት። ማንም አንዲት ገጽ ሳይከፍት የአየሩ ሲሶ አልቋል።

## ድርድሩ

መሣሪያዎቹ ካልተነጋገሩ ሰዎቹ ይነጋገሩ አልኩ። ለሐጂ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ እኔ ስለ ሞገዱ አላውቅም፤ ተከራይ ማስታረቅ ግን ሥራዬ ነው» አሉኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ካፌው ውስጥ ቡና ተፈላ፤ ሁሉም መጡ።

ከቴክኒኩ ይልቅ የከበደው ይኸው ነበር። የሒሳብ ባለሙያው ሴቲንጉን አላስነካም አለ፤ «ፓስወርዴን ካየህ የደንበኞቼ ሰነድ አደጋ ላይ ነው» አለ፤ ስጋቱ ተገቢ ነው። እሱ ኪቦርዱ ላይ ተቀምጦ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ የሚጫነውን እየነገርኩት ራሱ ቀየረው። የፔንሲዮኑ ባለቤት ደግሞ ጉልበቱን ቀንስ ስለው ተቆጣ። «ሲግናሌን ቀንስ ስትለኝ ሱቅህን ዝጋ እንደማለት ነው፤ እንግዳ የሚጠይቀኝ መጀመሪያ ዋይፋይ ነው» አለኝ። ላፕቶፑን ይዤ ምድር ቤት ካፌው ውስጥ የእሱ ሲግናል ምን ያህል እንደሚደርስ አሳየሁት፤ አራት ፎቅ ወርዶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። «እዚህ እንግዳ አለህ?» አልኩት። ዝም አለ፤ ቆይቶ «በል ሞክረው፣ ካልሆነ ትመልሰዋለህ» አለኝ።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ካፌው 1፣ መድኃኒት ቤቱ 6፣ ማሠልጠኛው 11፣ ክሊኒኩ 1፣ ሒሳብ ቢሮው 6፣ ፔንሲዮኑ 11 እና 1። የሕንፃው ወለልና ጣሪያ ኮንክሪት ስለሆነ አንድ ቻናል የሚጋሩት ተከራዮች ቢያንስ አንድ ፎቅ በመካከላቸው ይኖራል። ሁሉም 20 ሜጋኸርዝ። ጉልበት ወደ መካከለኛ። ሐጂ ከካፌው ጋር ተጋሩ፤ የሳቸው ራውተር ጠፋ። ማሠልጠኛው አብዛኛውን ሥራ ወደ ሌላው የዋይፋይ ሰፈር፣ ወደ 5 ጊጋኸርዝ፣ አዛወረና ስሞቹን ከሦስት ወደ ሁለት ቀነሰ። የ1 ሜጋቢቱን አሮጌ ፍጥነት መዝጋት በሚቻልባቸው ሁሉ ዘጋን። የራጁን መስመር በተመለከተ ሐጂ ከዚህ ቀደም የከለከሉትን ግድግዳ መብሳት ፈቀዱና በኬብል አገናኘነው። ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር አየር ላይ ባይሆን ይሻላል።

ዝርዝሩ በወረቀት ተጽፎ ከቆጣሪው ሳጥን አጠገብ ተለጠፈ።

## ያልሠራው

ቻናል 13ን ለፔንሲዮኑ ሞክሬ ነበር። የሁለት እንግዶች ስልክ ጨርሶ አላየውም፤ ከ11 በላይ እንዳያዩ ተደርገው የተሠሩ መሣሪያዎች አሉ። በማግስቱ አነሳሁት።

ማሠልጠኛውን 5 ጊጋኸርዝ ላይ ቻናል 100 ላይ አድርጌው ነበር፤ ሰፊና ባዶ ስለሆነ። ነገር ግን ከ52 እስከ 64 እና ከ100 እስከ 144 ያሉት ቻናሎች ከራዳር ጋር የሚጋሩ ናቸው። ራውተሩ ከመናገሩ በፊት 60 ሰከንድ ዝም ብሎ ማዳመጥ አለበት፤ ራዳር ከሰማ ደግሞ ለቅቆ ለ30 ደቂቃ አይመለስም። መብራት በሄደ ቁጥር ሁለት ጊዜ በሚነሳ ሕንፃ ላይ ይህ ዝምታ ተማሪ ፈተና ላይ እያለ ሲመጣ አይቻልም። ወደ 36፣ 40 እና 44 አወረድኳቸው፤ እነዚህ ማዳመጫ ጊዜ አይጠይቁም።

## ያልታሰበው መፍትሔ

አንድ ራውተር ቀረ። የፔንሲዮኑ አንደኛው ከመስመሩ ጋር የመጣ ነው፤ ቻናሉ በአውቶማቲክ ተቆልፏል፣ አይነካም። በድርሻው 11 ላይ እንዲሆን አስበን ነበር፤ መብራት በመጣ ቁጥር ግን 1 ላይ ከሌላው የፔንሲዮኑ ራውተር ጋር ይገጥማል።

ገበያ ላይ ለፍሪጅ የሚሸጥ መከላከያ አለ፤ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው ለፍሪጁ የሚያስተላልፈው። አንዱን ገዝቼ ራውተሩን በእሱ በኩል ሰካሁት። አሁን መብራት ሲመጣ የቀሩት ተነስተው፣ በየቻናላቸው ተቀምጠው፣ ማስታወቂያቸውን መልቀቅ ጀምረዋል፤ ያ ራውተር ከሦስት ደቂቃ በኋላ ይነሳና ያዳምጣል። ጎረቤቱ 1 ላይ፣ ከሥሩ ያለው ሒሳብ ቢሮ 6 ላይ አሉ። እሱም 11ን ይመርጣል። በሁለት ሳምንት መዝገብ ውስጥ መብራት ሰባት ጊዜ ሄዶ ተመልሷል፤ ሰባቱንም ጊዜ 11 ላይ ነው የተገኘው። አውቶማቲክ ምርጫው የከሸፈው የሚሰማው ነገር ስላልነበረ ነው፤ የሚሰማው ሲያገኝ በትክክል መረጠ።

ማሠልጠኛው ላይ ደግሞ ሦስቱ ራውተሮች የአንድ አምራች ስለሆኑ ማስተባበሪያ ሶፍትዌራቸውን ጫንን። በእነሱ መካከል አሁን ድርድር አለ፤ ቻናል ግን የሚቀይሩት ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ብቻ ነው፣ ያውም ልዩነቱ ጉልህ ከሆነ።

## ውጤት

ከክሊኒኩ ላፕቶፕ ወደ ራሱ ራውተር የሚላክ የሙከራ መልእክት በፊት ምሽት ላይ ከስድስቱ አንዱ ይጠፋ ነበር፤ የደረሰውም ከ300 ሚሊሰከንድ ያልፋል። አሁን መጥፋቱ ቀርቷል ማለት ይቻላል፤ መዘግየቱም ብዙውን ጊዜ ከ10 በታች ነው። ራጁ በኬብል ስለሆነ ወዲያው ይደርሳል። ፔንሲዮኑ ጉልበቱ ስለቀነሰ ያጣው ነገር የለም፤ አንድ የጥግ ክፍል ብቻ ደከመባት፣ ራውተሩን ሁለት ሜትር ስናዛውረው ተስተካከለ።

## ለሌላ ሕንፃ የሚሆነው

እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲመጣ አሁን የምጀምረው በኬብል ሙከራ ነው፤ ቀጥሎ «መብራት ከተመለሰ በኋላ ይብሳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። አዎ ከተባለ ራውተሮቹ እኩል እየተነሱ እንደሆነ እጠረጥራለሁ። አንድ ቀን መጥቶ መለካት ይህንን አያሳይም፤ ሳይጠፋ የሚመዘግብ መሣሪያ ለጥቂት ቀናት መተው ያስፈልጋል።

አንዱን ተከራይ ብቻ ማስተካከል ጊዜያዊ ነው። የቀሩት አውቶማቲክ እስከሆኑ ድረስ ባዶ የተባለውን ቦታ ተከትለው ይመጣሉ። ሁሉንም ማሰር ካልተቻለ የሚታሰሩት ይታሰሩ፣ የማይታሰሩት ዘግይተው ይነሱ። የየፎቁ ሰው ሁሉ የሚሰማው ሰው ካልጠራ ደግሞ ስብሰባው አይሆንም፤ እኔ ብቻዬን ብጠራቸው ኖሮ ሁለት ሰው የሚመጣ አይመስለኝም።

## ገና ያላለቀው

ከመንገዱ ማዶ አዲስ ሕንፃ መከራየት ጀምሯል። መስኮቱ ከሦስተኛ ፎቃችን ጋር ፊት ለፊት ነው፤ በመካከሉ ኮንክሪት የለም። ባለፈው ሳምንት ቻናል 4 ላይ፣ በ40 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ራውተር ከዚያ በኩል ታየ፤ የሒሳብ ቢሮው ምሽት ላይ እንደገና ማዝገም ጀምሯል። ወረቀቱን በስልኩ ፎቶ አንስቶ መንገዱን የተሻገረው ያ ሲግናሌን አልቀንስም ያለው የፔንሲዮኑ ባለቤት ነው። ማታ ደወለልኝ፤ «ወንድሜ፣ እዚያ የገቡት ሦስት ናቸው። ቅዳሜ እኔ ጋ ቡና አለ ብያቸዋለሁ፤ ያንን ላፕቶፕ ይዘህ ና» አለኝ።